የጣት አሻራ ወይስ የንክኪ ዲኤንኤ? ጎጃም ውስጥ ማስረጃ ለሚፈልግ ሰው

ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ሱቅ ሌሊት ተሰበረ እንበል። ጓጉንቸሩ ተገንጥሎ መሬት ላይ ወድቋል። የጓሮ መስኮቱ መስታወት ተነቅሎ ግድግዳው ሥር ተደግፎ ቆሟል። የገንዘቡ መሳቢያ ባዶ ነው። ፖሊስ ሲደርስ ባለሱቁ መጀመሪያ የሚጠይቀው "አሻራ ታነሳላችሁ አይደል?" ብሎ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ ከጎን ሆኖ "ምን አሻራ፣ ዲኤንኤ ይሻላል እንጂ!" ይላል።

የትኛው ይሻላል? መልሱን የሚወስነው የተነካው ዕቃ ምን እንደሆነና ክርክሩ በምን ላይ እንደሆነ ነው። ሁለቱ ማስረጃዎች የሚናገሩት ነገር አንድ አይደለም። የጣት አሻራ "ይህ እጅ ይህን ዕቃ ነክቷል" ይላል። የንክኪ ዲኤንኤ "የዚህ ሰው ሕዋስ እዚህ ዕቃ ላይ ደርሷል" ይላል። በማን በኩል፣ በምን መንገድ እንደደረሰ ግን አይናገርም። አቋሜን ከመነሻው ላስቀምጥ፦ ሁለቱም ሊገኙ በሚችሉበት ቦታ፣ በእኛ አገር አኗኗር፣ አሻራን አስቀድማለሁ። ዲኤንኤውን ለአሻራ በማይመች ዕቃ ላይ እፈልገዋለሁ። ሲገኝም ብቻውን ሰው እንዲያስፈርድ አልፈልግም።

ስለ አሻራ

ጣታችን ላይ ያሉት መስመሮች የሚሠሩት በእናት ማሕፀን ነው። ከስድስተኛው ወር በፊት ቅርጻቸውን ይዘው ያልቃሉ። ከዚያ በኋላ ጥልቅ ጠባሳ ካልገባባቸው በስተቀር እስከ ሞት አይለወጡም። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ዲኤንኤያቸው አንድ ዓይነት ነው፤ አሻራቸው ግን ይለያል። መንታ ወንድሞች የተጠረጠሩበት ጉዳይ ላይ ምርጫው ያለቀለት ነው ማለት ነው።

ጣት ዕቃ ሲነካ ትንሽ ላብ ይተዋል። ላቡ በአብዛኛው ውኃ ነው፤ ጨውና ሌሎች ንጥረ ነገሮች አሉበት። ፊታችንን ወይም ፀጉራችንን የነካን ከሆነ ወዝም ይጨመራል። ይህ ቅሪት መስታወት፣ ቀለም የተቀባ ብረት፣ ፕላስቲክ ወይም ቫርኒሽ የጠጣ እንጨት ላይ በደንብ ይያዛል። ባለሙያው በዱቄትና በብሩሽ ያወጣዋል። ፕላስቲክና ብረት ላይ የሱፐር ግሉ ጭስ፣ ወረቀት ላይ ደግሞ መስመሩን ሐምራዊ አድርጎ የሚያሳይ ኒንሃይድሪን የሚባል ኬሚካል ይጠቀማሉ።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1892 አርጀንቲና ውስጥ ሁለት ልጆች ተገድለው ተገኙ። እናትየው ጎረቤቷን ከሰሰች። በር ላይ የተገኘው ደም የነካው አሻራ ግን የራሷ ሆነ። ሁዋን ቩሴቲች የሚባል የፖሊስ ባለሙያ አሻራ የሚመደብበትን ሥርዓት ያበጀው በዚያ ጊዜ ነበር። የእንግሊዙ ስኮትላንድ ያርድ የአሻራ ክፍሉን ያቋቋመው ደግሞ በ1901 ነው።

የገበሬ እጅ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ዕድሜውን ሙሉ እርፍ የጨበጠ፣ ድንጋይ የጠረበ፣ ሲሚንቶ ያቦካ፣ በኦሞና በበረኪና ልብስ ሲያጥብ የኖረ እጅ መስመሩ ይሟሽሻል። ለፋይዳ ሲመዘገቡ ማሽኑ ጣታቸውን አላነብ ያላቸው አዛውንቶችን ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ፋይዳ ከአሥሩ ጣት ሌላ የዓይን ብሌንንና ፊትን ጭምር የሚመዘግበውም ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለ እጅ የነካው ዕቃ ላይ አሻራ ጠፋ ማለት ሰውየው አልነካም ማለት አይደለም። በተቃራኒውም፣ ደብዛዛ አሻራ ይዞ "ይመስላል" የሚል ባለሙያ ካለ አይመኑት።

ስለ ንክኪ ዲኤንኤ

ዲኤንኤ ለወንጀል ምርመራ የበቃው አሌክ ጄፍሪስ እ.ኤ.አ. በ1984 እንግሊዝ ውስጥ በሌስተር ባገኘው ዘዴ ነው። ያኔ ብዙ ደም ወይም ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ያስፈልግ ነበር። በ1997 አውስትራሊያ ውስጥ ሮላንድ ቫን ኦርሾትና ባልደረባው ሰው በእጁ ከያዘው ዕቃ ላይ ብቻ የሰውየውን ዲኤንኤ ማግኘት እንደሚቻል አሳዩ። "የንክኪ ዲኤንኤ" የሚባለው ይህ ነው፤ ደም የለ፣ ምራቅ የለ፣ ከእጅ የረገፈ ሕዋስ ብቻ።

መጠኑ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ልብ ይበሉ። በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ 6 ፒኮግራም ገደማ ነው፤ የአንድ ግራም ትሪሊዮንኛ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። የተለመደው የላቦራቶሪ ምርመራ ጥሩ ውጤት የሚሰጠው ግማሽ ናኖግራም እስከ አንድ ናኖግራም ሲያገኝ ነው። ይህም ወደ መቶ የሚጠጉ ሕዋሶች ነው። ከዚያ ሲያንስ ከመገለጫው፣ ማለትም ሰውን ከሰው ከሚለየው የምርመራ ውጤት፣ አንዳንድ ክፍል ሊጠፋ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ደግሞ ሊገባበት ይችላል። ሰውም ይለያያል። አንዱ በነካው ሁሉ ብዙ ሕዋስ ይተዋል። ሌላው ቀኑን ሙሉ ይዞት ውሎ ምንም ላይገኝ ይችላል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሻካራ ዕቃ አይከለክለውም። ገመድ፣ ጨርቅ፣ የቢላ እጀታ፣ የከረጢት አፍ፤ አሻራ ፈጽሞ የማይያዝባቸው ነገሮች ላይ ሕዋስ ይቀራል። የተድበሰበሰ አሻራም ለማነጻጸር ባይበቃ ዲኤንኤ ሊሰጥ ይችላል።

ለምን እንደምሰጋ

አኗኗራችንን እንየው። ሰላምታችን በእጅ ነው፣ ሲጠና በትከሻ። የምንበላው ከአንድ ገበታ ነው። በጣታችን ጠቅልለን በሌላው አፍ ጉርሻ እናስገባለን። ለሰንበቴና ለማኅበር ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሲበርድ የአንዱ ጋቢ ሌላው ትከሻ ላይ ያድራል። እርሻ ላይ ማጭድና ገጀራ በደቦ ይዞራል። አንድ ሰው የጨበጠውን እጅ ይዞ ሄዶ በር ቢከፍት፣ በሩ ላይ ቤቱን አይቶት የማያውቅ ሰው ሕዋስ ሊገኝ ይችላል። ይህን የ1997ቱ ጥናት ራሱ አመልክቷል። አሻራ ግን እንዲህ በሰላምታ አይሻገርም። የሰውዬው ጣት ራሱ እዚያ መገኘት አለበት።

ይህ የሐሳብ ጭንቀት እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. በ2012 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ባለጸጋ ቤቱ ውስጥ ተገደለ። ከሟቹ ጥፍር የተገኘው ዲኤንኤ ወደ አንድ ቤት አልባ ሰው መራ። ሰውየው ከአምስት ወር በላይ ታሰረ። በኋላ ሲጣራ ግድያው በተፈጸመበት ሌሊት ሰክሮ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ያ ሌሊት እሱን ያነሱት የአምቡላንስ ሠራተኞች ከሰዓታት በኋላ ወደ ሟቹም የተጠሩት እነዚያው ናቸው። የእሱን ሕዋስ ይዘው የሄዱት የእርዳታ እጆች ነበሩ። የሆስፒታል መዝገብ ባይኖር ምን ይሆን ነበር? ደጀን ወይም ቢቸና ገጠር ያለ ገበሬ ያ ሌሊት የት እንደነበር የሚያስረዳለት የሰዓት መዝገብ ከየት ይመጣል?

ጀርመን ውስጥ ደግሞ ፖሊስ ለዓመታት አንዲት ሴት ሲያሳድድ ኖረ። ዲኤንኤዋ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ፣ ከስርቆት እስከ ግድያ፣ በብዙ ቦታ ተገኝቷል። በ2009 ነገሩ ሲፈታ ሴትዮዋ ናሙና መሰብሰቢያውን ጥጥ በሚያመርተው ፋብሪካ የምትሠራ ሆና ተገኘች። ጥጡ ከጀርም የጸዳ ነበር እንጂ ከሰው ዲኤንኤ የጸዳ አልነበረም።

አሻራም ንጹሕ አይደለም። በ2004 ከማድሪድ የባቡር ፍንዳታ በኋላ አንድ ፌስታል ላይ የተገኘ አሻራ የአንድ አሜሪካዊ ጠበቃ ነው ብሎ ኤፍቢአይ አሰረው። የስፔን ፖሊስ የሌላ ሰው መሆኑን አረጋገጠ፤ ኤፍቢአይም ይቅርታ ጠየቀ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የአሻራ ስህተት የባለሙያው ዓይን ስህተት ነው። ሁለተኛ ባለሙያ ያንኑ ምስል አይቶ ሊያርመው ይችላል። በንክኪ ዲኤንኤ ግን ላቦራቶሪው ፍጹም ልክ ሆኖ፣ ሕዋሱም በእርግጥ የሰውየው ሆኖ፣ ሰውየው ግን ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው አሻራን የማስቀድመው።

ሌላም አለ። ገጠር ውስጥ ወንድም፣ አጎትና የአጎት ልጅ ጎን ለጎን ነው የሚኖረው። ወንድማማቾች ብዙ ዲኤንኤ ይጋራሉ። ስለዚህ ጎዶሎ መገለጫ አንዱን ከሌላው ላይለየው ይችላል። ከዚህ የባሰው በወንድ ወገን ብቻ የሚተላለፈው የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ ነው። አባት፣ ልጅ፣ አጎት፣ የአጎት ልጅ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ውጤት ሊኖራቸው ይችላል። ምርመራው የሚያመለክተው ሰውን ሳይሆን የአባት ዘርን ነው። ደም የመመለስ ልማድ ባለበት አካባቢ "ዲኤንኤው ከእነ እገሌ ቤት ነው" የሚል ወሬ ቢወጣ ማን ይመልሰዋል? ሽማግሌ ለዓመታት ደክሞ ያመጣው እርቅ በአንድ ቀን ይፈርሳል። እንዲህ ያለ ውጤት የያዘ መርማሪ አፉን ይያዝ።

በጥንቱ ጊዜ ሌባ ሻይ የሚባል ነበር። ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት የሌባው ቤት ይባላል። ሰው አምኖበት ስንቱን አስከፈለ። ማንም ሊጠይቀው የማይደፍር ምልክት ምን እንደሚያደርግ አገራችን ታውቃለች። ዲኤንኤ ሳይንስ ነው፤ ከሌባ ሻይ ጋር አይወዳደርም። ግን "ላቦራቶሪው ብሏል" ሲባል ጥያቄ ካቆምን የምንጎዳው በዚያው መንገድ ነው።

ዕቃ በዕቃ

ወደ ሱቁ እንመለስ። ባንኮኒው ላይ የተገኘ አሻራ ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል፤ ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ሲደገፈው የሚውል ነው። ተነቅሎ የቆመው መስታወት ግን ሌላ ነው። መስታወቱን ያወጣው ሰው ጠርዙን ሲይዝ አውራ ጣቱ በአንድ ፊት፣ አራቱ ጣቶች በሌላው ፊት ያርፋሉ። ከውስጥ በኩል፣ ወደ ውጭ የዞሩ፣ አውራ ጣቱ ትይዩ ያለ አራት ጣት ካገኙ፣ ያ ሰው "ሳሙና ልገዛ ገብቼ ነው" ሊል አይችልም። አሻራም ሆነ ዲኤንኤ የተነካበትን ቀን አይነግረንም። የት ቦታና በየት አቅጣጫ እንደተነካ ግን አሻራው ይነግረናል። ዲኤንኤ ይህ አቅጣጫ የለውም። ስለዚህ መስታወቱ ላይ ያለ ማወላወል አሻራ።

ጓጉንቸሩ ትንሽ ነው፣ ጠርዙ ብዙ፣ ዝገትም ይኖረዋል። ሙሉ አሻራ ማግኘት ይከብዳል። እዚህ ዲኤንኤ መሞከር ይቻላል፤ ባለሱቁ በየቀኑ ስለሚነካው ግን የእሱ ሕዋስ እንደሚበዛ ይጠብቁ። የተገነጠለበት ብረት ተጥሎ ከተገኘ፣ ከጓጉንቸሩ ይልቅ እሱ ይሻላል። የብር ኖት ላይ ጊዜ አያጥፉ፤ የስንቱ እጅ ያረፈበት ነው።

ዱላ የጎጃም ጉዳይ ስለሆነ ልቆይበት። ቅቤ የጠጣ የወይራ ዱላ ለስላሳ ነው፤ እጅ ግን ይንሸራተትበታል፣ ክብ ስለሆነም አሻራው ተጎትቶ ይበላሻል። ሰው ቶሎ "ዲኤንኤ ይነሳ" ይላል። ከእጀታው በኩል ምን ይገኛል? የባለቤቱ ሕዋስ። ዱላው የእሱ ነው፣ ሁልጊዜ ይይዘዋል፤ የመታበት ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ የእሱ ይበዛል። ያ ለፍርድ ምንም አይጨምርም። ቁም ነገሩ ያለው በሌላኛው ጫፍ ነው። እዚያ ደም ወይም ፀጉር ካለ ዱላው የተጎጂውን ራስ መንካቱን ያሳያል። ይህ ደግሞ የንክኪ ዲኤንኤ ሳይሆን የደም ማስረጃ ነው፤ በጣም ይጠነክራል። እጀታውና ጫፉ በተለያየ ጥጥ፣ በተለያየ ፖስታ ይወሰዱ።

ጠመንጃ ላይ ሥራውን ይከፋፍሉ። ሻካራው መያዣና ምላጩ ለዲኤንኤ፣ ለስላሳው የካርታው (የጥይት መያዣው) ጎን ለአሻራ። የተተኮሰ ቀለህ ላይ ብዙ ተስፋ አይጣል፤ ሙቀቱና ፍትጊያው አብዛኛውን ያጠፋዋል። ገመድና ልብስ ላይ አሻራ አይፈልጉ፤ ዲኤንኤ ብቻ። የአረቄ ጠርሙስ ላይ ሁለቱም አለ፤ አሻራ ከሆዱ፣ ምራቅ ከአፉ።

የመሬት ኪራይ ውል ላይ "አሻራው የእኔ አይደለም" የሚል ክርክር ሲነሳ ዲኤንኤ ከነጭራሹ ቦታ የለውም። ወረቀቱን ጸሐፊውም ምስክሩም ሁሉ ነክቶታል። በቀለም የታተመው አውራ ጣት ግን ከሰውየው ጣት ጋር በቀጥታ ይነጻጸራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አይርሱ፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1728 ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር ሰው በአሻራ የፈረመው እንዲያስገድደው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት መረጋገጥ እንዳለበት ይደነግጋል። አሻራው የእሱ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት ውሉ ጸና ማለት አይደለም።

ማስረጃው ሳይበላሽ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አብዛኛው ማስረጃ የሚጠፋው ፖሊስ ሳይደርስ ነው። በሩን ዝጉ። ሰው አይግባ። የወደቀውን አታንሱ፣ አትጥረጉ፣ ዕቃው ላይ ጎንበስ ብላችሁ አታውሩ፤ የምራቅ ፍንጣሪ ይረጫል። ከትናንት ጀምሮ ዕቃውን የነካ የቤት ሰው ሁሉ ይመዝገብ። አሻራቸውና ናሙናቸው የሚያስፈልገው ለመክሰስ ሳይሆን ከጥርጣሬ ለማውጣት ነው።

ሁለቱም ከአንድ ዕቃ የሚፈለጉ ከሆነ ቅድሚያ ፎቶ ይነሳ። ከዚያ የትኛው ክፍል ለየትኛው እንደሆነ ይወሰን። መስመሩ የሚታይ አሻራ ላይ ጥጥ አይሻሽ፤ ያጠፋዋል። የዱቄት ብሩሽም ከቤት ቤት የዞረ ከሆነ የሌላ ሰው ዲኤንኤ ተሸክሞ ይመጣል። ስለዚህ ዲኤንኤ በሚወሰድበት ክፍል ላይ አይረፍ።

ክረምት ላይ የጎጃም ዝናብ ለሁለቱም ጠላት ነው። ውጭ ያደረ ዕቃ ከረጠበ ዱቄት አይነስነስበት፤ ጥላ ሥር ይድረቅ። ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ዲኤንኤውን ያበላሸዋል። ፌስታል ውስጥ አይግባ። እርጥበት ታፍኖ ሻጋታና ባክቴሪያ ያራባል፣ ዲኤንኤውን ይበላዋል። የካኪ ፖስታ ወይም የወረቀት ከረጢት ይሻላል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሐል ላይ የዓባይ በረሃ አለ። ከጮቄ ብርድ የወጣ ናሙና ፌስታል ውስጥ ታስሮ በመኪና መስኮት ሥር በረሃውን ሲያቋርጥ ምን እንደሚሆን ያስቡ። መስታወት ሲላክ ደግሞ በጠርዙ ብቻ ተይዞ፣ ፊቱ ካርቶኑን ሳይነካ ይታሰር።

ፍርድ ቤት ሲደርስ

ጄፍሪስ መጀመሪያ የወንጀል ጉዳይ ላይ በሠራው ምርመራ ነፃ የወጣው ከሁለት ግድያዎች አንዱን "እኔ ነኝ" ብሎ ያመነ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ዲኤንኤ ከእምነት ቃል ይልቅ እውነቱን ተናገረ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው የሚደነግገው እንዲህ ያለ ጉዳት እንዳይደርስ ነው። ተጠርጣሪን ከጥርጣሬ ለማውጣት ዲኤንኤ ትልቅ መሣሪያ ነው። ጠበቃ ከሆኑ ለደንበኛዎ ሲሉ ራስዎ ሊጠይቁት ይገባል።

የዐቃቤ ሕግ ባለሙያ ስለ አሻራ ሲመሰክር፣ አሻራው ዕቃው ላይ በየት በኩልና በየት አቅጣጫ እንደነበር ፎቶውን ያሳይ። ሁለተኛው ባለሙያ የመጀመሪያውን ውጤት ሳያውቅ መርምሮት እንደሆነ ይጠየቅ። ሁለት አሻራዎች የአንድ ሰው ናቸው ለማለት በ16 ነጥብ መመሳሰል አለባቸው የሚለውን፣ እንግሊዝ ለረጅም ጊዜ የቆየችበትን መስፈርት በ2001 ትታለች። ስለዚህ ነጥብ መቁጠር ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ የመስመሩ ጥራት ይታይ።

ስለ ንክኪ ዲኤንኤ ሲመሰክር "ከቢሊዮን አንድ" የሚል ቁጥር ሊመጣ ይችላል። ቁጥሩ የሚናገረው ሕዋሱ የማን እንደሆነ ነው። እንዴት እዚያ እንደደረሰ አይደለም። ስለዚህ በየተራ ይጠይቁ። ምን ያህል ዲኤንኤ ተገኘ? የስንት ሰው ቅልቅል ነው? መገለጫው ሙሉ ነው ወይስ ጎዶሎ? የዋይ ክሮሞዞም ብቻ ነው? የተጠርጣሪው ወንድሞች ታስበዋል? ከተጎጂው ጋር ቀኑን አብረው በልተዋል፣ ተጨባብጠዋል? ናሙናውን የሰበሰበው ፖሊስ ያን ቀን ተጠርጣሪውንም ይዞ ነበር? ጓንቱን በዕቃዎቹ መካከል ቀይሯል? የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ "አልተመዘገበም" ከሆነ፣ ያው ቃል በቃል መዝገቡ ላይ እንዲሰፍር ያስደርጉ።